የሃሎዊን ጌም ዝርዝሩ ፍርሃት ይጎድለዋል

ጥቅምት ሲጋመስ የአስፈሪ ጌሞች ዝርዝር በየቦታው ብቅ ይላል። ሃሎዊን፣ ምዕራባውያን በአስፈሪ ነገር የሚያከብሩት በዓል፣ የሚውለው ኦክቶበር 31 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 20 ወይም 21 መሆኑ ነው። በዚያ ሰሞን የጌም መሸጫዎች ዋጋ ይቀንሳሉ። ተጫዋቹም "የቱን ልግዛ?" እያለ ይጠያየቃል። ሰሞኑን ለሃሎዊን የሚሆኑ ጌሞችን የሚጠቁም አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ጓደኛዬ ልኮልኝ አነበብኩ። ስለ ጌም በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ጸሐፊውን ከልቤ አመሰግናለሁ። ምክራቸውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በእርሳቸው ዝርዝር ተመርቶ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው አስፈሪ ጌም ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይቀራል። አንደኛው ምክር ደግሞ ልጆችን ይጎዳል።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። የቆየ ጌም ግራፊክሱ ስለማያምር አያስፈራም። የሃሎዊን ቀዳሚ ምርጫ ሬዚደንት ኢቭል 4 ነው። መሣሪያ የማይሰጥ፣ መደበቅ ብቻ የሆነ ጌም ይሰለቻል። ፋይቭ ናይትስ አት ፍሬዲስ ለልጆች ይሆናል፤ አሻንጉሊቶች ናቸውና። አስፈሪ ጌም ብቻ ተሁኖ ካልተጫወቱት ዋጋ የለውም። ጥሩ አስፈሪ ጌም የሚወጣው ከጃፓንና ከአሜሪካ ነው። ውድ ኮምፒውተር የሌለው ሰው ደግሞ ባይሞክረው ይሻለዋል።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት የክርክሬን መሠረት ላስቀምጥ። ፊልም ላይ ልጅቷ ሻማ ይዛ ወደ ምድር ቤት ስትወርድ "ኧረ ተይ!" እንላለን። እሷ ትወርዳለች፤ እኛ ሶፋችን ላይ ነን። ጌም ላይ የምንወርደው እኛው ነን። በሩን የምንገፋው እኛ፣ ደረጃውን የምንረግጠው እኛ። አንወርድም ካልን ጨዋታው እዚያው ይቆማል። ፍርሃቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ደም የትም አለ። ጭራቅም የትም አለ። ጎበዝ ጌም ሠሪ የሚታወቀው ተጫዋቹ የማይፈልገውን በር በገዛ እጁ እንዲከፍት ሲያደርገው ነው። ጸሐፊው ዝርዝሩን ሲያወጡ ይህን የመዘኑት አይመስለኝም።

ከግራፊክሱ ልጀምር። የመጀመሪያው ሳይለንት ሂል በ1999 ለፕሌይስቴሽን 1 ሲወጣ ማሽኑ ሩቅ ያለውን ሕንፃ አጥርቶ ማሳየት አይችልም ነበር። የጌሙ ሠሪ ድርጅት የኮናሚ ሠራተኞች ምን አደረጉ? ከተማውን በጭጋግ ሸፈኑት። ሲመሽ ድቅድቅ አድርገው የእጅ ባትሪ ብቻ ሰጡን። ከዚያ አንድ ትንሽ ራዲዮ አስያዙን። ጭራቅ ሲቀርብ ራዲዮኑ መንሿሿት ይጀምራል። ከፊት ይምጣ ከኋላ አይናገርም። ጭጋግ መሀል ቆማችሁ፣ ራዲዮኑ እየጮኸ፣ ወዴት እንደምትሮጡ ሲጠፋችሁ ስለ ግራፊክስ ማሰብ ትዝም አይላችሁ።

ሁለተኛው ክፍል በ2001 ወጣ። ጄምስ የሚባል ሰው ከሞተች 3 ዓመት ከሆናት ሚስቱ ደብዳቤ ይደርሰዋል። የሁለታቸው በሆነው ቦታ እየጠበቀችው እንደሆነ ትነግረዋለች። ጨዋታው ሲጀምር ከመኪና ማቆሚያው እስከ ከተማው ድረስ ረጅም መንገድ በእግር ያስኬደናል። ጭጋጉ ወፍራም ነው። ማንም አይመጣም። ምንም አይዘልብንም። መንገዱ ብቻ አያልቅም። እጃችሁ ላይ ያለው ጆይስቲክ እየከበደ የሚሄደው እዚያ ነው።

ጸሐፊው የዚህን ጌም የ2024 አዲስ እትም ዝርዝራቸው ውስጥ አስገብተዋል። ምርጫውን እደግፋለሁ። የሰጡት ምክንያት ግን ግራፊክሱ ስለሚያምር ነው የሚል ነው። አዲሱን የሠራው ብሉበር ቲም የሚባል የፖላንድ ድርጅት ነው። የዛሬ ማሽን ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ጥርት አድርጎ ማሳየት አያቅተውም። እነርሱ ግን ጭጋጉን አላነሡትም። ጭጋጉ ከተነሣ የሚቀረው ተራ ከተማ እንደሆነ ገብቷቸዋል። ይህ ብቻውን የጸሐፊውን ክርክር የሚያፈርስ ይመስለኛል።

ተርፏችሁ ዕቃ የምትገዙ ከሆነ ከትልቅ ስክሪን በፊት ደህና ሄድፎን ግዙ። የአስፈሪ ጌም ግማሹ ያለው ጆሮ ላይ ነው።

ሬዚደንት ኢቭል 4ን ስነካ እጠነቀቃለሁ፤ የምወደው ጌም ነው። በ2005 ሲወጣ ከጀግናው ትከሻ ኋላ ሆኖ የሚያሳየው ካሜራ ከዚያ በኋላ የስንቱ ጌም ልማድ ሆነ። በ2023 የታደሰውም ግሩም ሥራ ነው። የመጀመሪያዋ መንደር ውስጥ ሰዉ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ሲመጣ፣ ራሱ ላይ ጆንያ ያጠለቀው ሰውዬ የሞተር መጋዙን ሲያስነሣ ያልደነገጠ ሰው አላውቅም። ደወሉ እስኪደወል ድረስ መውጫ የለም። እስከዚያ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ከዚያ በኋላ ግን መሣሪያ የሚሸጥላችሁ ነጋዴ ይመጣል። ሽጉጡን ታሻሽላላችሁ፤ ጠመንጃ ትገዛላችሁ፤ ቦምብ ትወረውራላችሁ። ጠላት ሲንገዳገድ ሮጣችሁ በካልቾ ታጋድሙታላችሁ። ጀግናው ሊዮን የሠለጠነ የመንግሥት ወኪል ነው፤ የፕሬዝዳንቱን ልጅ ለማዳን የተላከ። ጨዋታው እየገፋ ሲሄድ ፍርሃቱ የእናንተ ሳይሆን የእነርሱ ይሆናል። ደስ ይላል። ላብ ያስወጣል። ለሃሎዊን ማታ የሚሆነውን ፍርሃት ግን አይሰጥም። ቁጥር 1 የተባለው ጌም ይህ ሲሆን የዝርዝሩ ሚዛን የተሳሳተ መሆኑ ይታያል።

በእሱ ቦታ የማስቀምጠው ሬዚደንት ኢቭል 2ን ነው፤ በ1998 የወጣውን ሳይሆን በ2019 እንደ አዲስ የተሠራውን። ያው ሊዮን ነው፤ ግን ፖሊስነት የጀመረበት የመጀመሪያ ቀኑ ነው። ጥይቱ ትንሽ ነው። ዞምቢው ጭንቅላቱን በተደጋጋሚ ተመትቶም ይነሣል። ቦርሳው ስለማይበቃ አንዱን ለመያዝ ሌላውን ትታችሁ መሄድ አለባችሁ። ፖሊስ ጣቢያው አንድ ትልቅ ሕንፃ ነው፤ ቁልፍ ፍለጋ በተመሳሳይ ኮሪደር ደጋግማችሁ ትመላለሳላችሁ።

ያን ሕንፃ በደንብ አወቅነው ብላችሁ ስትረጋጉ ሚስተር ኤክስ ይመጣል። ኮፍያ ያደረገ፣ ረጅም ካፖርት የለበሰ ግዙፍ ፍጡር ነው። አይሞትም። ጥይት ብታዘንቡበት ተንበርክኮ ትንሽ ይቆያል እንጂ ይነሣል። አይሮጥም፤ መሮጥም አያስፈልገውም። ኮቴው ግን ከሌላ ክፍል፣ ከላይኛው ፎቅ ይሰማል። ዱም። ዱም። ዱም። ካርታውን ማየት ትታችሁ ኮቴ ታዳምጣላችሁ። ራቀ? ቀረበ? ደረጃውን ወረደ? የምትፈልጉት ቁልፍ ደግሞ እሱ ባለበት በኩል ነው።

በዚህ ላይ ሊከር የሚባለው ፍጡር አለ። ዓይን የለውም፤ የሚያድነው በድምፅ ነው። እሱ ባለበት ኮሪደር እግራችሁን እየሰረቃችሁ መራመድ አለባችሁ። ከኋላችሁ ግን ሚስተር ኤክስ እየመጣ ነው፤ ከእሱ ለማምለጥ መሮጥ አለባችሁ። ብትሮጡ አንዱ ይሰማችኋል፤ ብታዘግሙ ሌላው ይደርስባችኋል። እንዲህ ያለውን ጭንቅ ያሰበ ሰው ሥራውን ያውቃል። ይህን ለጨረሰ ሰው በ2017 የወጣውን ሬዚደንት ኢቭል 7ንም እመክራለሁ። የሉዊዚያናን አሮጌ ቤትና የቤከርን ቤተሰብ እንዲሁ በወሬ ማበላሸት አልፈልግም።

አሁን በጣም ወዳልተስማማሁበት ነጥብ ልምጣ። ጸሐፊው መሣሪያ የማይሰጡ ጌሞችን "ድብብቆሽ ናቸው፤ ይሰለቻሉ" ብለው ባንድ ዓረፍተ ነገር ገፍተዋቸዋል። ድብብቆሽ መሆናቸው እውነት ነው። ልጅ ሆነን በር ኋላ ተደብቀን ፈላጊው ሲጠጋ ልባችን እንዴት ይመታ ነበር? ሳቃችንና ትንፋሻችን አብረው ይታፈኑ ነበር። ሰለቸን ብሎ የወጣ ልጅ ግን አላስታውስም።

የ2014ቱን ኤሊየን አይሶሌሽን እንይ። የሠራው ክሪኤቲቭ አሴምብሊ የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት ነው። አማንዳ ሪፕሊ የጠፋች እናቷን ዱካ ፍለጋ ሴቫስቶፖል ወደሚባል የጠፈር ጣቢያ ትሄዳለች። ጣቢያው ውስጥ የሚያሳድዳት ፍጡር አለ።  መሣሪያ ብታገኝም ልትገድለው አትችልም።

ይህ ፍጡር የሚመራበት ዘዴ ነው ጌሙን ልዩ ያደረገው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሁለት አእምሮ አለ። አንደኛው ተጫዋቹ የት እንዳለ ሁልጊዜ ያውቃል። ሁለተኛው የፍጡሩ የራሱ አእምሮ ነው፤ እሱ አያውቅም። የመጀመሪያው ለሁለተኛው "በዚያ አካባቢ ፈልግ" ብሎ ፍንጭ ይሰጠዋል እንጂ ቦታችንን አይነግረውም። ከዚያ በኋላ ፍጡሩ በዓይኑና በጆሮው መፈለግ አለበት። ለረጅም ጊዜ ካስጨነቀን ደግሞ የመጀመሪያው አእምሮ ትንሽ እፎይ እንድንል ወደ አየር ማስተላለፊያው ቱቦ ይመልሰዋል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ኮሪደር ያለፈ ነገ በዚያው ይደገማል ማለት አይቻልም። መንገዱን መሸምደድ አያዋጣም።

አንድ ቦታ ላሳያችሁ። ጣሪያው ላይ ሲንኳኳ ትሰማላችሁ። ሎከር ከፍታችሁ ትገባላችሁ። በቀዳዳው በኩል ረጅም ጅራቱ ሲጎተት ይታያል። ይቆማል። ፊቱን ወደ ሎከሩ በር ያስጠጋል። ወደ ኋላ ለጠጥ ብላችሁ ትንፋሽ መያዝ አለባችሁ። ትንፋሹን አብዝታችሁ ከያዛችሁ ደግሞ ትጎዳላችሁ። ሴቭ ማድረግ፣ ማለትም የደረሱበትን ማስቀመጥ፣ እንኳ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ግድግዳው ላይ ወዳለው ማሽን ሄዳችሁ ካርዱን ትሰካላችሁ። መብራቶቹ አንድ በአንድ እስኪበሩ መጠበቅ አለባችሁ። ጨዋታው እናንተ ስትጠብቁ አይቆምላችሁም። ካርዱን እንደሰካችሁ ከኋላ ሊመጣ ይችላል። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ካሜራው፣ ኤክስቦክስ ዋን ላይ ኪኔክት የሚባለው ካሜራና ማይክሮፎን ካላችሁ ፍጡሩ ቤታችሁ ውስጥ የሚወጣውን ድምፅ ጭምር እንዲሰማ ማድረግ ይቻላል። ሳል እንኳ ያስይዛችኋል። ይህን አሰልቺ ማለት ፍርድ ማዛባት ነው።

አምኒዥያ ዘ ዳርክ ዲሰንትም በዚሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የተገፋው። በ2010 የስዊድኑ ፍሪክሽናል ጌምስ ያወጣው ነው። ዳንኤል የሚባል ሰው ማንነቱን ረስቶ ፕሩሲያ ውስጥ ባለ ቤተ መንግሥት ይነቃል፤ ጊዜው 1839 ነው። ሰይፍ የለም፤ ሽጉጥ የለም። ፋኖስ አለ፤ ዘይቱ ግን ያልቃል። ጨለማ ውስጥ ከቆየ አእምሮው ይናወጣል። ብርሃን ላይ ከቆመ ጭራቁ ያየዋል። ጭራቁን ትኩር ብሎ ማየትም አእምሮውን ይጎዳዋል። እንግዲህ ምረጡ!

ውኃ የሞላው ምድር ቤት አለ። እዚያ ያለው ፍጡር አይታይም። ውኃው ላይ የእግሩ ርጭት ብቻ ይታያል። ወደ እናንተ እየቀረበ ይመጣል። ሳጥን ላይ ወጥታችሁ ካልቆማችሁ ያገኛችኋል። ከሳጥን ወደ ሳጥን እየዘለላችሁ ታልፋላችሁ። የሚቀጥለው ሳጥን ሩቅ ከሆነ የሥጋ ቁራጭ ወርውራችሁ ወደዚያ ታዘናጉታላችሁ። ልብ በሉ፤ ስክሪኑ ላይ የተሳለ ጭራቅ የለም። የሚረጭ ውኃ ብቻ ነው። በዚህ ጌም ታሪክ የሚነሣው ሁሌም ይህ ቦታ ነው።

መባረሩን ፈጽሞ የማይችል ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ነውርም አይደለም። ለእሱ ያው ድርጅት በ2015 ያወጣው ሶማ አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ የጨመሩት አማራጭ ጭራቆቹ ተጫዋቹን እንዳይገድሉት ያደርጋል። የሚቀረው ታሪኩ ነው፤ ታሪኩ ከጭራቆቹ ይብሳል።

ፋይቭ ናይትስ አት ፍሬዲስን ለልጆች ስለመምከር ጠንከር ብዬ መናገር አለብኝ። በ2014 ስኮት ካውተን ያወጣው ጌም ነው። ተጫዋቹ የአንድ ፒዛ ቤት የሌሊት ጥበቃ ነው። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በካሜራ ይከታተላል። ቀን ለልጆች የሚዘፍኑት ትልልቅ አሻንጉሊቶች ሌሊት ከቦታቸው ይነሣሉ። ግራና ቀኝ ያሉትን በሮች መዝጋት ይቻላል፤ ግን መብራት ይበላል። ካሜራውም መብራት ይበላል። መብራቱ ካለቀ በሮቹ ይከፈታሉ፤ ጨለማው ውስጥ ሙዚቃ ይጀምራል፤ ከዚያ ፍሬዲ ፊታችሁ ላይ እየጮኸ ይመጣል። እንደ ጌም ጥሩ ተደርጎ የታሰበ ነው። ለጎረምሳና ለአዋቂ እኔም እመክረዋለሁ።

ለ7 ዓመት ልጅ ግን አይሆንም። የታሪኩ ጀርባ የተሰወሩና የተገደሉ ሕፃናት ናቸው፤ ይህ ግድግዳው ላይ በሚታዩት የጋዜጣ ቁራጮች ላይ ተጽፏል። ጸሐፊው "አሻንጉሊቶች ስለሆኑ" ያሉት ነገር ነው ነገሩን የሚያከፋው። አዋቂ ሰው ጌሙን ዘግቶ ይተኛል። ልጁ ግን መኝታ ቤቱ ውስጥ ድብ አሻንጉሊት አለው። እምነት የጣለበት፣ አቅፎት የሚተኛው ድብ ነው። እሱን የሚያስፈራ ጌም እንዴት የልጅ ጌም ይባላል?

ይህ በተለይ አሜሪካና አውሮፓ ልጆች የሚያሳድጉ ወገኖቻችንን ይመለከታል። የፍሬዲ አሻንጉሊትና ቲሸርት ሱቁ ሁሉ ውስጥ ተሰቅሏል። ልጁ ክፍል ውስጥ ሲወራ ሰምቶ ይመጣል። እናትየው ስታየው ካርቱን ይመስላታል፤ አይፈረድባትም። ስለዚህ የማሸጊያውን ምልክት ማየት ልማድ ይሁን። አሜሪካ ውስጥ ኢ ማለት ለሁሉም፣ ቲ ማለት ለ13 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ ኤም ማለት ለ17ና ከዚያ በላይ ነው። አውሮፓ ዕድሜውን በቁጥር ይጽፉታል። ከላይ ያወራሁለት ሬዚደንት ኢቭል 2 ኤም ነው።

ልጆቹ ከሃሎዊኑ ይቅሩ ማለቴ አይደለም። ሉዊጂስ ማንሽን 3 አለ፤ የወጣውም በዕለቱ፣ ኦክቶበር 31 ቀን 2019 ነው። ፈሪው ሉዊጂ ሆቴል ውስጥ እየተንቀጠቀጠ መናፍስቱን በቫኪዩም ይስባል። ምልክቱ ኢ ነው። ለሁለት ሰው ስለሚሆን አባት ከልጁ ጋር መጫወት ይችላል። ኮስቲዩም ክዌስት ደግሞ ስለ ሃሎዊን ራሱ ነው። ልጆች ልብስ ለብሰው በየቤቱ ከረሜላ ሲለምኑ ከጭራቅ ጋር ይጋጠማሉ፤ የለበሱት የካርቶን ልብስ ውጊያው ላይ እውነተኛ ይሆናል። እነዚህ ሁለቱ በዝርዝሩ ውስጥ አለመኖራቸው ቆጭቶኛል።

ብቻ መጫወትን በተመለከተ ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ። ሳይለንት ሂል 2ን ጓደኛ አጠገብ ሆኖ እያወራ ከተጫወታችሁት ጠፋ ማለት ነው። ሁሉም ጌም ግን እንደዚያ አይደለም። ፋስሞፎቢያ እስከ አራት ሰው ሆኖ መንፈስ ያለበት ቤት የሚገባበት ጌም ነው፤ በ2020 ነው ብቅ ያለው። መንፈሱ በማይክሮፎን የምታወሩትን ይሰማል። ስሙን ብትጠሩት ይቆጣል። ለጓደኛችሁ "የት ነህ?" ስትሉ እየሰማችሁ ያለው ጓደኛችሁ ብቻ አይደለም። በ2023 የወጣው ሌታል ካምፓኒም እንዲሁ ነው። የጓደኛ ድምፅ ሲርቅ ይቀንሳል፤ ሲሞት ቃሉ መሀል ይቆረጣል። እየሳቀ የነበረ ሰው ድንገት ዝም ሲል ክው ትላላችሁ። ይህን ብቻውን የተጫወተ ሰው አያገኘውም።

ሳሎን ለተሰበሰበ ሰው ደግሞ የ2015ቱ አንቲል ዶውን አለ። ስምንት ወጣቶች ተራራ ላይ ባለ ቤት ውስጥ ናቸው። በምርጫችሁ መሠረት ሁሉም ሊተርፉ፣ ሁሉም ሊሞቱ ይችላሉ። አዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤት ያደገ ሰው ጆይስቲክ መቀባበል ለምዷል፤ እዚያ የሚሠራው ሕግ "የተሸነፈ ይነሣ" ነበር። እዚህ እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይያዝና የእሱ ተራ ሲደርስ ጆይስቲኩን ይቀበል። ጌሙ አንዳንዴ "እንዳትንቀሳቀስ" ይላል። ያኔ ጆይስቲኩን ፀጥ አድርጎ መያዝ ነው፤ እጅ ከተንቀጠቀጠ ሰው ይሞታል። ቤት ሙሉ ሰው አንድ እጅ ላይ ሲያፈጥ ማየት ነው።

ጥሩ አስፈሪ ጌም የሚወጣው ከጃፓንና ከአሜሪካ ብቻ ነው የሚለው በቀላሉ ይፈርሳል። እስካሁን ከጠቀስኳቸው ውስጥ አንዱ የስዊድን፣ ሌላው የእንግሊዝ፣ ሌላው የፖላንድ ሥራ ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን ከታይዋን የመጣው ዲተንሽን ነው። ሬድ ካንድል ጌምስ በ2017 አወጣው። ሥዕሉ ከጎን የሚታይ ነው፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ ነው የሚኬደው። ጊዜው 1960ዎቹ ነው። ታይዋን ከ1949 እስከ 1987 በወታደራዊ ሕግ ሥር ነበረች፤ ዘመኑም ነጭ ሽብር ይባላል። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ መምህራንና ተማሪዎች የተከለከሉ መጻሕፍትን ተደብቀው ያነባሉ። አንድ ሰው ይጠቁማል። ቀሪውን ራሳችሁ ድረሱበት።

መንፈሱ ኮሪደሩ ላይ ሲመጣ የምንመራት ተማሪ ፊቷን አዙራ ትንፋሿን ይዛ ማለፍ አለባት። ጥቆማ በበዛበት ዘመን የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ፊትን አዙሮ፣ ድምፅን ውጦ ማለፍ። ስለ ቀይ ሽብር ከእናት ከአባቱ አፍ የሰማ፣ በየቤተሰቡ አልበም ውስጥ ያለውን ወጣት ፎቶ "ይሄ ማነው?" ብሎ ጠይቆ ዝምታ የተመለሰለት ኢትዮጵያዊ ይህን ጌም እንደ ሩቅ ሀገር ታሪክ አያየውም። ለእኛ አንባቢ የሚመከር አንድ ጌም ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ኢንዶኔዢያውያንም በ2014 ድሬድአውትን አውጥተዋል። አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በሞባይሏ ካሜራ የሀገሯን መናፍስት ትፋለማለች፤ አያቶቻቸው በተረት የሚያውቋቸውን። የእኛ ጭራቅ፣ በሌሊት ጅብ የሚሆነው ሰው፣ ወንዝ ዳር የሚጠራው ድምፅ አንድ ቀን እንደዚህ ቢሠሩ እወዳለሁ። የሚሠራው ሰው ቡዳን ሲነካ ግን ይጠንቀቅ። በዚያ ስም ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው ተገልለው ኖረዋል፤ በሕይወት ያለ ሰው ላይ የሚለጠፍ ስም ጭራቅ ማድረግ ሌላ በደል ነው።

የቀረው የኮምፒውተሩ ጉዳይ ነው። ሳይለንት ሂል 2 አዲሱ ጠንካራ ማሽን ይፈልጋል፤ እውነት ነው። ዲተንሽንና የመጀመሪያው ፋይቭ ናይትስ ግን ደካማ ላፕቶፕ ላይ ይሄዳሉ። ጫካ ውስጥ ስምንት ወረቀት የሚለቀምበት፣ በ2012 የወጣው ስሌንደር በነፃ የተለቀቀ ነው። አምኒዥያም የ2010 ጌም ስለሆነ የቆየ ላፕቶፕ አይከብደውም፤ ሲወጡም ራሱ ሴቭ ያደርጋል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የምትኖሩ ከእሱ ጀምሩ። ኤሊየን አይሶሌሽን ግን ማሽኑ ጋ ደርሳችሁ ካርዱን ካልሰካችሁ በመሀል የተጫወታችሁትን አያስቀምጥም። ስለዚህ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) በሌለው ዴስክቶፕ ላይ አትጀምሩት፤ ላፕቶፕ ከሆነም ባትሪውን ሞልታችሁ ተቀመጡ።